ፀሐይ የሞቀው

እኔን ከኮምቦልቻ ደላላ ነው ያመጣኝ፤
ዓርብ ዓርብ ከጎማ ጋር ያዋለችኝ ግን ደላል ናት፤ ስሟ ነው፣ አትሳቁብኝ።
ከደላላ ጋራ ዝምድና የለውም፤
ኮሚሽን አትቆርጥም፣ ቃሏን አታጥፍም።

ሳምንቱን ሹወይኽ ጋራዥ፣ በጎሚስታነት፣
ሚስማር ስነቅል፣ ቀዳዳ ስደፍን እሰነብትና፣ ዓርብ ሲሆን ጠዋት
ቀዳዳ እበሳለሁ፤
ቀጭን መርፌ ይዤ፣ ከጎማ ቆዳ ሥር ሙቀት እፈልጋለሁ።

ሜዳው ከከሰረ ገበያ ጀርባ፣ ባዶ መኪና ማቆሚያ፤
ብርቱካንማ ኮኖች፣ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ።
በመሃላቸው ተጥመልምሎ መውጣት ነው፣ ስልሳ ሰከንድ ቢበዛ፤
ኮን የጣለ፣ በያንዳንዱ ሁለት ሰከንድ ዕዳ ገዛ።

ደላል ከዙሩ ስትመለስ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ እሮጣለሁ።
የጎማ ቆዳ ዝንጉ ነው። ሥጋው ግን ያስታውሳል፤ መርፌዬን እዚያ እሰዳለሁ፦
ውስጥ፣ መሃል፣ ውጭ። ውስጥ፣ መሃል፣ ውጭ። ከጎማ ወደ ጎማ፤
ቢጁ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ይጽፋል፣ ስጮህ እየሰማ።

መሃሉ ከጋለ፣ ነፋስ በዝቶበታል፤ አስተንፍሰው።
ውስጡ ከጋለ፣ ከልክ በላይ ጎንብሷል፤ ትንሽ ቀና አድርገው።
ውጩ ከጋለ ግን፣ መታጠፊያ ላይ የመኪናዋን ሸክም በጠርዙ ችሎ እያቃሰተ ነው፤
ካምበር ጨምር፤ አናቱን ወደ ውስጥ አዘንብለው።
ማንም አላስተማረኝ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሊስትሮ ነበርኩ፤
የሰው አረማመድ፣ ፊቱን ቀና ብዬ ሳላይ፣ ከተበላ ተረከዝ ነው የተማርኩ።

ያን ዓርብ፣ የቀኝ ጎማዎች ውጫቸው ነደደ።
«ሰባ አንድ!» ጮህኩ። ተጻፈ። ክሪክ ገባ፣ ኪያቤ ዞረ፣ አራቱም ጎማ ወደ ውስጥ ሰገደ።
ሄዳ መጣች። «ሰባ ስድስት!» ያው ውጩ። ደግመን አሰገድን።
በሦስተኛው ዙር፣ ፍሬን ስትይዝ፣ መኪናዋ ሸሸቻት፤ አራት ኮን
እንደ ዶሮ ተበተነ።
ወንድሟ ጃሲም፣ ከጥላ ሆኖ፣ «ሞላው ይቀየር፣ አሞርቲዛተር ይገዛ» ይላል፤
ገንዘብ ያለው ሰው ጎማ አይጠይቅም፣ ሱቅ ይጠይቃል።
ደላል የራስ ቁሯን አወለቀች፤ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ በላብ ተለጥፏል፤
«ሙሄ፣» አለች፣ «ጎማው ምን ይላል?»

ምን ልበላት? ቢጁ ጽፎታል፣ ሁላችን አይተነዋል፤
ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሐቅ—
ልል ስል፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ፀሐይ የሞቀው።

ቀና ብል፣ በባሕሩ በኩል፣ በስተቀኝ፣ እሷ ናት።
መኪናዋ ተራ ስትጠብቅ፣ በየዙሩ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣
አፍንጫዋን ወደ ሰሜን ቀስራ፣ ቀኝ ጎኗን ሰጥታት።
ለካ ጎማው ሠርቶ አይደለም የጋለው፤ እንደ እህል ተሰጥቶ ነው!
የግራዎቹ ቀስ ብለው «ውስጣችን፣ ውስጣችን» ይሉ ነበር፤
እኔ ጯሂውን ስሰማ፣ ለነሱ ማን ጆሮ ያበድር።

ከቆሻሻ ገንዳ የፍሪጅ ካርቶን አገኘን፤ ለኋላው ጎማ በቃ።
ለፊተኛው እኔ ቆምኩለት፤ ጥላዬን አለበስኩት፣ እንደ ውድ ዕቃ።
ካምበሩን መለስን። ሄደች። መጣች።
ውስጥ ስልሳ ሁለት። መሃል ስልሳ። ውጭ ስልሳ አንድ።
ዋንጫ የለም፤ አምስተኛ ወጣች።
ግን አንድም ኮን አልወደቀ።

መርፌውን ስጠርግ፣ ቢጁ ነጠቀኝና ለቀልድ አንገቴ ላይ አስደገፈው፤
«ሠላሳ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ። ተሳሳቅን።
እሱም ላዩን ነው፤ ፀሐይ የሞቀው።

ማታ እህቴ ዘምዘም ደወለች፤
«ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል?» አለች።
«የቱ ጋ?» አልኳት።